ያረጀ ቃል የትኛው ነው?

አንድን ጽሑፍ ወይም ንግግር ማጣጣል ስንፈልግ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጡት ቃላት ጥቂት ናቸው፦ ተራ፣ የተለመደ፣ ያረጀ ያፈጀ፣ ኩረጃ። አንዱን በሌላው እየተካን እንናገራቸዋለን፤ ክሳቸው ግን የተለያየ ነው። ተራ የተባለው ነገር ከብዙዎቹ የማይለይ ነው፤ ይህ ለምን ነውር እንደሚሆን አይታየኝም። የተለመደው ቀድሞ የሚታወቅ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በጎ ነው። ያረጀ ያፈጀ ስንል ግን ጉልበቱ አልቋል ማለታችን ነው። ኩረጃ ስንል ደግሞ ከነገሩ ይልቅ በሰውየው ሐቀኝነት ላይ ነው የምንፈርደው። አራቱን ማምታታት የተደጋገመውን ሁሉ ባዶ፣ አዲስ የመሰለውን ሁሉ ሕያው አድርገን እንድናይ ያስለምደናል።

ለቅሶ ቤት የሚገባው ሁሉ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል። ትናንት ጎረቤት ቤት ያለውን ዛሬም እዚህ ይለዋል። አንድ ሰው ግን ሐዘንተኛዋ ፊት ተቀምጦ ማንም ያልተናገረው የማጽናኛ ቃል ሊፈጥር ቢጥር፣ ምንም ያህል ቢያምርለት፣ ሰዉ ያፍርለታል። ዓይን ሁሉ ከሐዘንተኛዋ ተነሥቶ ወደ እሱ ይዞራልና። የተለመደው ቃል ተናጋሪውን ወደ ኋላ አድርጎ ሐዘኑን ፊት ያስቀምጣል። ሥራውን ትቶ መምጣቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጡ፣ በሰልስቱ መመለሱ ነው ቃሉን የሚሞላው። ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ በልማድ የሚናገር አይጠፋም፤ እሱ እንኳ በአካል ተገኝቷል፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረም ቤተሰቡ ያውቃል።

መደጋገምንና አዲስነትን አጥብቀው ያሰቡበት ሰዎች የአብነት መምህራን ይመስሉኛል። በዜማ ቤት ተማሪው የቅዱስ ያሬድን ድጓ እንደተቀበለው ይይዛል። ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ ለይቶ፣ ከፊደሉ በላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ምልክቶች ሳያዛንፍ ያጠናል። ድምፁ ቢያምርም ከራሱ ቢጨምር መምህሩ ያቀናዋል። ከዚያ ወጥቶ ቅኔ ቤት ሲገባ ሕጉ ይገለበጣል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ቀስ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ የትናንቱን ዛሬ ይዞ መቅረብ አይችልም፣ የባልንጀራውንማ ከቶ አይታሰብም። በቤተ ክርስቲያንም አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ ለዕለቱ የሚገባው የዕለቱ ቅኔ ነው።

በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ፣ አንዲት ምልክት መለወጥ ጥፋት የሆነበት ቤትና አንዲት ቅኔ መድገም ጥፋት የሆነበት ቤት ተከታትለው ይኖራሉ። ይህን እንደ ተቃርኖ አላየውም። የዜማ ተማሪው የተቀበለውን በታማኝነት ለማስረከብ ገብቷል፤ የቅኔው ተማሪ ራሱ ለማፍለቅ ገብቷል። ድጓ እየገለበጠ የሚጽፈውን ኮራጅ የሚለው የለም። የሌላውን ቅኔ የእኔ ብሎ ያቀረበው ግን ኮራጅ ነው፤ ጥፋቱም ቅኔው ሁለት ጊዜ መሰማቱ ላይ ሳይሆን ያልደከመበትን እንደደከመበት አድርጎ ማቅረቡ ላይ ነው። ባለቅኔውም ቢሆን ከባዶ አይነሣም። አዳም፣ ኖኅ፣ አብርሃም የማንም ባለቅኔ ሰም ናቸው፤ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተወሰዱ ማን ይቆጥራል? ወርቁን ግን እሱ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ፍጹም አዲስ የሆነ ነገር መሻት ከንቱ ድካም ይመስለኛል፤ መጠየቅ ያለበት ተናጋሪው በተናገረው ሊጠየቅበት ይችላል ወይ የሚለው ነው።

በዚህ መመዘኛ የሚወድቀው ቃል ዕድሜው ገና ልጅ ሊሆን ይችላል። «ባለድርሻ አካላት የበኩላቸውን እንዲወጡ ተጠየቀ» የሚል ዜና ያልሰማ የለም። ማን ጠየቀ? የተጠየቀውስ ማን ነው? የበኩሉ ምንድን ነው፣ እስከ መቼስ ይወጣዋል? ዓረፍተ ነገሩ ሁሉንም በአንድ ላይ ስለጠራ ማንንም አልጠራም። ከልብ የሚቆረቆር ሰው ቢናገረው እንኳ ቅንነቱ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። «ነፍስ ይማር» ከዚህ አባባል እጅግ ይበልጥ ሸምግሏል፤ ግን ሁልጊዜ የሞተ ሰው አለው፣ የቆመለትም ሰው አለው። የዜናውን ቋንቋ ያረጀ ያፈጀ ብለን ስናልፈው እንኳ ነገሩን እናቃልለዋለን፤ ቧንቧው ወር ሙሉ የደረቀበት ሰፈር ሰው ይህን ዜና ሰምቶ የማንን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። ቋንቋው ሰለቸኝ ማለት ለዚህ ሰው ምንም አያደርግለትም። ማን ቧንቧውን ሊጠግን ቃል እንደገባ መጻፍ ግን ያደርግለታል፤ ዓረፍተ ነገሩ የፈለገውን ያህል ተራ ይሁን።

የሚያስቸግረኝ የበዓል መልእክት ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ጥንታዊና ሙሉ ቃል ነው፤ አሁን ግን ከሻማና ከአደይ አበባ ሥዕል ጋር ተዘጋጅቶ ከስልክ ወደ ስልክ፣ በአንድ ንክኪ ለመቶ ሰው ይተላለፋል። ቃሉ አልተለወጠም፣ ላኪውም ክፋት የለበትም። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ በዓሉን በሥራ ስታሳልፍ፣ ያቺን አንዲት ንክኪ ለማግኘት እንኳ ጊዜ ሰርቃ ሊሆን ይችላል፤ የእሷን መልእክት ባዶ ለማለት አልደፍርም፣ እናቷም አትለውም። ጊዜ እያለው ለሁሉም በአንድ ላይ የሚበትነው ግን ቃሉን ያለ አድራሻ ለቀቀው እላለሁ። እሱ ተጨንቆ አዲስ የበዓል ምኞት እንዲፈጥር የሚፈልግ የለም፤ ያንኑ አሮጌ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላክ፣ ከፊቱ «እማዬ» ብሎ ይጻፍበት።