የእጅ ውሃ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው አሉ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ አባወራ ልጃቸው ተመርቃ ድግስ ደገሱ። ድንኳኑ በሁለት ብሎኮች መሀል ተተከለ፤ ወጡ ሌሊቱን ሲንተከተክ አደረ። ሲነጋ ከድንኳኑ ጥግ ያለው ማንሆል ሞልቶ ይፈስ ጀመር። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶችም ሽንት ቤታቸው ወደ ላይ መለሰባቸው።

አባወራው ያልደወሉበት የለም። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ረጅም ብረትና ገመድ ይዞ መጣ። ሸሚዙን አወለቀ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ፣ ጫፉን አብሮት ለመጣው ልጅ አስጨበጠና ወረደ። ሰዉ አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ራቅ ብሎ ቆመ። መጀመሪያ የወጣው ዳይፐር ነበር፤ አንድና ሁለትም አይደለም። ቀጥሎ የወለል መወልወያ ጨርቅ፣ ከዚያ እንደ ሞራ የረጋ የምግብ ዘይት። አባወራው ዳይፐሩን ያውቁታል፤ ለልጅ ልጃቸው የሚገዙት እሳቸው ናቸው። ጉድጓዱ ጉር ጉር አለና ውሃው ሄደ።

እንግዳ ገብቶ ተቀመጠ። ማስታጠቢያው ሊዞር ሲል አንዲት አስተናጋጅ ለሰውየው በላስቲክ ሳህን እንጀራ አድርጋ ደረጃው ሥር ልትሰጠው ሄደች። የአባወራው እናት አይተዋት ከመቀመጫቸው ተነሡ። ማስታጠቢያውን ከያዘው ልጅ እጅ ተቀብለው ወደ ሰውየው ሄዱ።

«ኧረ እማማ ይተዉ፣ እጄ ቆሻሻ ነው» አላቸው።

«የማን ቆሻሻ ነው ልጄ? አንተማ ከቤትህ ይዘኸው አልመጣህ።»

ሳሙና ሰጥተው እስከ ክርኑ ደጋግመው አፈሰሱለት። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ዞረው «ያነሣው ታጥቧል፤ አሁን የጣልነው እንታጠብ» አሉ። በታላላቆቹ ወንበር መሀልም አስቀመጡት።

እጅ ማስታጠብ በእኛ ዘንድ ከታላቅ ይጀምራል። እኚህ እናት ያደረጉትም ይኸው ነው፤ ሰውየውን በቃል አላመሰገኑትም፣ ቦታውን ሰጡት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ያን ጊዜ የሚሰደበው ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው ነበር። አዋጅ አፍን ሊያዘጋ ይችላል። ለብቻ በሚቀርብ ሳህን ላይ ግን ምን ሥልጣን አለው? ዛሬ ጎዳና ጠራጊውን ማንም ፊት ለፊት አይሰድበውም፤ ታክሲ ውስጥ ከጎኑ ላለመቀመጥ ግን ወንበር የምንቀይር አለን።

እኔን የሚያመኝ ቆሻሻውን ከበራችን ከወጣ በኋላ የሚያነሣው ሰው ንብረት አድርገን ማየታችን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ ላይ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የተጫናቸው አዲስ አበባ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ስትጥለው የኖረችው ነበር። የከተማዋ ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያም ያለው ቱሉ ዲምቱ ባለበት በአቃቂ ቃሊቲ ነው። ሽቅብ ያለው ሰፈር የሽንት ቤቱን ውሃ ለቅቆ ይረሳዋል፤ ቁልቁል ያለው ሰፈርና ሠራተኛው ይቀበሉታል።

ስለዚህ ክብሩ ከጉድጓዱ አፍ ይጀምር። በተዘጋ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ይገድላል፤ ሲበዛ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ የወረደውም ሰው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ከላይ ሆኖ በመሣሪያ መክፈት እየተቻለ ሰው አይውረድ። ጓንቱንና ቦቲውን የብሎኩ ኮሚቴ ይግዛ፤ ድንኳን ለመከራየት ያዋጣ ሰው ለዚህ አያንሰውም። ዋጋም ሲጠራ፣ ለቧንቧ ሠራተኛና ለቀለም ቀቢ ሳንከራከር የምንከፍለውን ያህል ለፍሳሽ ጠራጊውም እንክፈል።