ፓራፋንጎውና የፍሬኑ ቱቦ

የቢስቲማው ጡረተኛ መምህር ቮልሳቸውን አስቀብተዋት አያውቁም። ፓራፋንጎዋ ተጨርምቷል፤ ቀለሟን ፀሐይ በልቶታል። ልጃቸው «ተቀጥቅጣ ትቀባ» ሲል፣ እሳቸው «ከዚያ የማን መኪና ልትሆን ነው?» ይላሉ። እኛም ዶርም ውስጥ ተከራከርንበት።

አዲስ ቀለም ውሸት ነው እንዳንል ያረጀ ቤትም ይለሰናል እኮ። ነገር ግን የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የፋብሪካው ቀለም አንዴ ከተፋቀ ማን ይመልሰዋል? እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነን።

ዕድሜ ያደረቀውን የፍሬን ቱቦ «ይህም የጥንቱ ነው» ብለው አለማስቀየራቸው ግን አልተዋጠልንም። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ቁልቁለቱ 600 ሜትር ያህል ነው። ሐረጎ ላይ በእግሩ የሚሄደው ገበያተኛ ለቮልሷ ጥንታዊነት ምን ዕዳ አለበት? አሮጌው ቱቦ ተፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፓራፋንጎው እንዳለ ይቆይ አልናቸው። ዝም አሉ፤ መልሳቸውን እየጠበቅን ነው።