ላልሞተ ሰው መርዶ

መርዶ በእኛ ዘንድ ወግ አለው። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጎህ ሲቀድ ሐዘንተኛው ደጃፍ ይደርሳል። የሚነገረው ግን የሆነው ነገር ነው፤ ላልሞተ ሰው መርዶ የለም። ይህን ያነሳሁት የጨረር ሕክምና ለአንጎል ዕጢ ይበጅ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል ስለሚባለው የኤም.አር.አይ. ምርመራ ሳስብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ20 ሕመምተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የተከታተሉት በዕጢው ውስጥ ያለውን የውሃ እንቅስቃሴ ነው። ሕዋሳቱ ታጭቀው ሳሉ ውሃው መላወሻ ያጣል፤ ጨረሩ ወይም መድኃኒቱ ሲገድላቸው መንገድ ያገኛል። በዚህ ምልክት ማን ከሕክምናው እንደሚጠቀም በ3ኛው ሳምንት መለየት እንደሚቻል ገለጹ። ግሊዮብላስቶማ ለሚባለው ክፉ ዕጢ ጨረር የሚሰጠው በአብዛኛው ለ6 ሳምንት ነውና፣ ወሬው የሚሰማው ገና በመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው ማለት ነው።

ጥቅሙ አያከራክርም። የማይበጅ ጨረር ደኅናውን አንጎል ከሚጎዳ ሌላ መላ መፈለግ ይሻላል። እኔን የሚከነክነኝ ወዲህ ነው፦ «አይበጀውም» የተባለለት ሰው ሕክምናው ተቋርጦ ቢሞት፣ ትንበያው ልክ ነበር ይባላል። ቢቀጥልስ ኖሮ? መስካሪ የለም። ጠንቋይ እንኳ ይህን ያህል መከታ አላገኘም!

ምስሉም ቢሆን ያሳስታል። ከጨረር በኋላ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ዕጢው ያደገ መስሎ የሚታይበት፣ ኋላ ግን የሕክምናው ቁጣ ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቁጥርም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ስቲቨን ጄይ ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1982 የያዘው ካንሰር፣ ከታማሚዎቹ ግማሹን በ8 ወር ውስጥ የሚገድል ነበር፤ እሱ 20 ዓመት ኖረ። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ስለ ብዙዎች እንጂ ስለ እሱ አልተናገረም።

ታዲያ ይህ ግምት ለማን ይነገር? በእኛ ልማድ ሐኪሙ ታላቅ ወንድምን ወይም አጎትን ወደ ጥግ ይጠራል፤ ሕመምተኛው አልጋው ላይ ሆኖ ፊታቸውን ያነባል። ይህ ደግነት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም። የሚደበቀው ሞት አይደለማ! የቀሩት 3 ሳምንታት ምን ይደረግባቸው የሚለው ምርጫ ነው፤ ምርጫው ደግሞ የባለ አልጋው ነው። እኔ ብሆን ምስሉን በዓይኔ አይቼ፣ እንደኔ «አይበጃቸውም» ከተባሉት ስንቶቹ ሕክምናውን እንደጨረሱና ምን እንደደረሱ ሐኪሙን እጠይቀው ነበር።