የቆጡን በቀን ማውረድ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ስንል ጣታችን የሚቀሰረው ሴትዮዋ ላይ ነው። ያላትን ይዛ መቀመጥ ሲገባት ሌላ ተመኘች፤ ስስቷ ያላትንም አሳጣት እንላለን። ሁለተኛ ሱቅ ሲከፍት የመጀመሪያው የከሰረበት ነጋዴ፣ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ሥራውን ለቅቆ ሜዳ ላይ የቀረ ሠራተኛ ይህ ተረት ይወርድበታል። እኔም እንዲሁ ስተርትበት ኖሬያለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የመስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ነው።

በዚያ ምሽት ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው፣ መጠኑ 4.9 የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። ቡራዩ ፎቅ ላይ የምንኖረውም ደነገጥን። ጎረቤቴ በማግስቱ እንደነገረችኝ፣ የስምንት ወር ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላው እጇ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ፌስታል ለማውረድ ወንበር ላይ ወጣች። ልጁ ከእቅፏ ሾልኮ ወደቀ። እግዜር ሲያተርፈው ያረፈው አልጋ ላይ ነው። ፌስታሉ ውስጥ የነበረው የልጁ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና ማታ ማታ ሲያፍነው የምትሰጠው መድኃኒት ነው። ይህችን እናት ስስታም ማለት አልችልም። የቆጡም የብብቷም የአንድ ልጅ ነበሩ።

ተረቱ እጇን ያያል፤ ቆጡን ግን አያይም። ብብት ሥር መሆን የነበረበትን ነገር ያን ያህል ከፍ አድርጎ የሰቀለው ማን ነው? እኛው ነን። ወረቀት እንዳይበላሽ፣ መድኃኒት ልጅ እጅ እንዳይገባ ብለን ከፍ እናደርጋለን፤ ደግም እናደርጋለን። የአደጋ ቀን ግን እንዴት እንደምናወርደው አስበን አናውቅም።

መሬት በሚንቀጠቀጥባት ደቂቃ ተረቱ ፍጹም ትክክል ነው። ቆጥ ይቅር። ልጅን አቅፎ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ማለት፣ የልጁንና የራስን ጭንቅላት መሸፈን፣ ንዝረቱ ሳይቆም በደረጃ አለመሯሯጥ ነው። ተረቱ የሚጎድለው ለዋዜማውና ለማግስቱ ነው።

ማግስቱን የቡራዩ ሰው ያውቀዋል። በመስከረም 2011 በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ሺዎች ወደ አዲስ አበባ ሸሽተው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ልጅ አዝላ የወጣች እናት የብብቷን አልጣለችም፤ የቆጡን ትታ ነው የሮጠችው። ያዘለችው ልጅ ግን ሲነጋ ይርበዋል፤ ሲመሽ ይበርደዋል። የጤና ባለሙያ መጥቶ የትኛውን ክትባት እንደወሰደ ይጠይቃታል። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ መንቀጥቀጡ በርትቶ ወደ 80 ሺህ ገደማ ሰዎች ከአፋርና ከኦሮሚያ አካባቢዎች እንዲነሱ ሲወሰንም ያው ነው፤ መሸሽ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ሲሆን ተፈናቅሎ መኖር ግን ሳምንታት ይፈጃል።

ለዚህ የሚሆነውን ነገር ከማንም አንማረውም። በአንድ ቦርሳ ተሰናድቶ የሚቀመጥ ስንቅ ነው። ያለ እሳት በውሃ ብቻ የሚበጠበጥ፣ ቶሎ የማይበላሽ በሶ ከእኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ስንቁ የእናቱ ጡት ስለሆነ በቦርሳው ውስጥ የሚገባው የእናትየዋ ምግብና ውሃ ነው። ከዚያ የሰነዶቹ ኮፒ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ፣ ሁልጊዜ የሚወስደው መድኃኒት፣ ለተቅማጥ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ የኦአርኤስ ከረጢት፣ ቅያሪ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ። የሱሉልታን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ብርድ ልብስና ካልሲ አይረሳም። ሰበታ ውስጥ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለና ይህንንም ልጨምር፦ ለማያይ ልጅ በትሩ ከቦርሳው ጋር አንድ ቦታ ትቀመጥ፤ ቦታዋንም በእጁ ዳስሶ ይልመዳት። ቦርሳው ልጅ ያዘለ ሰው የሚሸከመው ስለሆነ ይቅለል። በር አጠገብ፣ አዋቂ ቆሞ በሚደርስበትና ሕፃን በማይደርስበት ምስማር ላይ ይሰቀል። ልጅ ያድጋል፤ ያምናው ሱሪ ዘንድሮ አይገባውምና በመስቀልና በፋሲካ ተከፍቶ ይታይ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቦርሳ ውስጥ የማይገባው ነገር ነው። በግርግር የጠፋ ትንሽ ልጅ «እናትህ ማን ትባላለች?» ሲባል «እማዬ» ይላል። አባቱን «አባዬ»፣ ሰፈሩን «እኛ ሰፈር» ይላል። ሌላ ስም አላስተማርነውም። ስልክ ቁጥራችሁን በጃኬቱ ውስጠኛ በኩል ጻፉለት። ዛሬ ማታ እራት ላይ ደግሞ ጠይቁት፤ የእናቱን ስም ከነአባቷ እስኪነግራችሁ ድረስ ደጋግማችሁ አስጠኑት።