እንግዳው ሲሄድ ቃሉ ከማን ዘንድ ይቀራል?



ለመሆኑ መልካም ሥራ በመልካም ኒያ ብቻ መልካም ይሆናልን? ጥያቄው በመስጂድ ደርስ ላይ ሲነሳ መልሱ የቀለለ ይመስላል፤ ስለ ኒያ የተነገረውን ሐዲስ የማያውቅ ልጅ እንኳ የለምና። እኔን ይህ ጥያቄ የያዘኝ ግን ደርስ ላይ አይደለም። በደቡብ የአገራችን ክፍል በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር ሳለሁ፣ በ2009 ዓ.ም. ከአሜሪካ ለመጡ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ለሁለት ሳምንት ሳስተረጉም ነው።

አሥራ አራት ነበሩ፤ አብዛኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎች። የጋበዘቻቸው በከተማዋ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት። አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካናቴራ ለብሰው፣ የታሸገ ውኃቸውን ይዘው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በሁለት ሚኒባስ ይደርሳሉ። በሩ አጠገብ ክብ ሠርተው ይጸልያሉ። ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይቀርና በእጅ እንቅስቃሴ የታጀበ መዝሙር ይሆናል። ከዚያ ግማሾቹ ክፍል ገብተው የእንግሊዝኛ ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ግማሾቹ ግድግዳ ይቀባሉ። ከሰዓት በኋላ ኳስ፣ ፊኛ፣ ፎቶግራፍ፤ 9 ሰዓት ሲሆን ወደ ሆቴላቸው። በቀለም ቅብ የሚተዳደሩ ሁለት የከተማው ሰዎች በአጥሩ ላይ ተደግፈው ሲመለከቱ ትዝ ይለኛል። አንደኛው "ጠርዙን አበላሹት" ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም።

ስለ መዝሙሩ ብዙ ሊባል ይቻላል። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90ም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ይህንኑ ተናግሬ "ሁለት ሳምንት ነው፣ እንታገስ" ተብያለሁ። የዛሬ ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም።

እነርሱ ለዕረፍት የሚወጡበት ወቅት ለእኛ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ዋዜማ ነው። ስለዚህ የክለሳው ሁለት ሳምንት በፊኛና በቀለም አለቀ። በዚያ ላይ ረመዷን ገብቶ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ብስኩት ይታደላል። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የተሰጣትን ብስኩት በየቀኑ ሳትቀምስ በቦርሳዋ ስትከት ያዩት እንግዶች ለታናናሾቿ የምትሰስት መስሏቸው አዘኑላት። ለኢፍጧር እያስቀመጠችው መሆኑን የነገርኳቸው በአራተኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ቅንነት ጎድሏቸው ነበር የሚል ካለ ግን አልቀበለውም። ከእነርሱ አንዷ ይህችኑ ልጅ ከዛፍ ሥር አስቀምጣ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ታስነብባት ነበር። እኔ ከስድሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ዓመቱን ሙሉ ልሰጣት ያልቻልኩትን ጊዜ ሰጠቻት። በዘጠነኛው ቀን ልጅቱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አንብባ ጨረሰች። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ዓይኔን አብሻለሁ፤ ምን ይደበቃል።

በመጨረሻው ቀን ፈረንጇ ልጅቱን አቅፋ ደብዳቤ ልትጽፍላት እንደምትሞክር ነገረቻት። እንደምትሞክር ነው ያለችው። ቃሉን በደንብ ሰምቻለሁ። ነገር ግን የልጅቱን ፊት አየሁና "ትጽፍልሻለች" ብዬ ተረጎምኩ።

በማግስቱ ሰኞ "ቲቸር፣ ደብዳቤ መጣ?" አለችኝ። ፈተናው አልቆ፣ ክረምቱ አልፎ፣ በ2010 መስከረም ትምህርት ሲጀመርም ጠየቀችኝ። "መንገድ ላይ ነው" አልኳት። ኅዳር ላይ መጠየቋን ተወች። እስከ ዛሬ የማፍረው በውሸቴ ብቻ አይደለም፤ መጠየቋን ስትተው እፎይ በማለቴ ነው።

ታዲያ በደለኛው ማን ነው? እንግዳይቱ እሞክራለሁ አለች እንጂ አልዋሸችም። ለቃሉ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ የደረስኩበት ይህ ነው፤ መጥቶ የሚሄድ ደግነት ሁሉ እዚያው የሚቀር ዋስ ይፈልጋል። መጪው ደስታውን ይዞ ይመለሳል። የተቋረጠው ክለሳ፣ የተበላሸው ጠርዝ፣ የተገባው ቃል ግን ለነዋሪው ይቀራሉ። የሰጪው ኒያ ምንም ያህል ቢጠራ ይህን ዕዳ አይከፍልለትም።

ይህን የሚለው ሙስሊም ስለሆነ ነው እንዳልባል ከእነርሱው ወገን የተነገረውን ላስታውስ። የካቶሊክ ቄስ የነበረው ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ውስጥ ለተሰበሰቡ የሰሜን አሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ባደረገው ንግግር፣ ለማየትና ለመማር ከሆነ መምጣታቸውን እንደማይቃወም፣ ለመርዳት ብለው ግን እንዳይመጡ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላም፣ እዚያው አገር የሚኖረው የሶሲዮሎጂ ምሁር ከርት ቨር ቢክ ከውጭ በመጡ ክርስቲያን ቡድኖች የተሠሩትን ቤቶች አጥንቷል። የአገሬው ድርጅቶች በ2,000 ዶላር ገደማ የሚሠሩት ቤት፣ የቡድኑ ጉዞ ሲጨመርበት 30,000 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር። እርሱ ራሱ ያስተምር የነበረው በክርስቲያን ኮሌጅ ነው። ራሳቸውን እንዲህ አደባባይ አውጥተው መመርመራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። እኛስ?

ሱረቱል በቀራህ 264ኛው አንቀጽ ላይ ሰደቃን መመጻደቅና ማስከፋት ከንቱ እንደሚያደርጉት ተገልጾልናል። ማስከፋት ማለት ስድብና ግልምጫ ብቻ ይመስለናል። ልጅን ሲጠብቅ ማክረምስ? በ2015 ረመዷን፣ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ማለት ነው፣ ከጀመዓችን ወጣቶች ጋር ራቅ ወዳለ ገጠር፣ ወደ አንድ መድረሳ ተጓዝን። አንድ ዓይነት ካናቴራ አሠርተን ነበር፤ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ቴምር፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ጫንን። ልጆቹ ተሰልፈው ነሺዳ አሰሙን። ስልኩን ይዤ የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። አንዱ ትንሽ ልጅ ብርድ ልብሱን ሲቀበል ካሜራውን ስላላየ "እንደገና ስጡት" ብያለሁ። ልጁ መልሶ ሰጠ፤ እንደገናም ተቀበለ።

ልንሄድ ስንል የመድረሳው ዑስታዝ ወደ ጎን ወሰደኝ። ጓደኞቼ ለልጆቹ በሚቀጥለው ረመዷንም እንደምንመጣ እየነገሯቸው ነበር።

"ወንድሜ፣ እውነት ትመጣላችሁ?" አለኝ።

"ኢንሻአላህ" አልኩት።

ዝም ብሎ አየኝ። "ኢንሻአላህማ ሁሉም በእርሱ ፈቃድ ነው። የጠየቅኩህ አስባችሁበታል ወይ ብዬ ነው። ያላሰባችሁበት ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፤ እነዚህ ልጆች መኪና በሰሙ ቁጥር እየሮጡ ይወጣሉ።"

መኪናው ተነሥቶ ይጠሩኝ ነበር።

"አላሰብንበትም" አልኩት።

እጄን ጨብጦ አመሰገነኝና ለልጆቹ ሊነግራቸው ሄደ።