የሕፃኑ ገላና የሕግ አስከባሪው በትር



ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 3 ቀን በሄሮድስ ትእዛዝ በቤተልሔም የታረዱትን ሕፃናት ታስባለች። በዚህ ቀን ስለ ንጉሡ ቅናት እንሰብካለን፤ ስለ እናቶቹም ልቅሶ እንሰብካለን። ስለ ወታደሮቹ ግን እምብዛም አንናገርም። ወንጌላዊው ማቴዎስም ቢሆን ስማቸውን አልጻፈልንም። ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ አለቃ ያላቸው፣ ምናልባትም በቤታቸው ልጆች የነበሯቸው ሰዎች ነበሩ። ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለሱ ለራሳቸው ምን እያሉ ተመለሱ? ትእዛዝ ነው ብለው ይሆን?

ይህን እንድናነሣ ያደረገን ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። በሌሎች አገሮች ፖሊሶች በኤሌክትሪክ ኃይል ሰውን የሚያደነዝዝ መሣሪያ ይይዛሉ፤ ይኸው መሣሪያ በሕፃናት ላይ ሊውል ይገባልን? ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ከእኛ ኑሮ የራቀ ሊመስል ይችላል። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሞ ያየ ሰው ግን የራቀ አይለውም።

ጋይንት ውስጥም ቤተልሔም የሚባል ደብር መኖሩን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የድጓ ማስመስከሪያ ነው። በዚያው በጋይንት ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምንጭ ናት። በዚህ ምድር ሕፃን ልጅ ከቤቱ መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የለመነው የቆሎ ተማሪ የሀገሩ ልጅ ነው። መከራው ብዙ ቢሆንም መንደሩ ያውቀዋል፤ በእግዚአብሔር ስም ሲለምን እናቶች ይሰጡታል። ዛሬ ከስማዳ፣ ከእስቴና ከታች ጋይንት የሚወጣው ልጅ ግን ወደ የኔታ አይሄድም። ድርቁ፣ የመሬቱ መጥበብ፣ ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወዲህ በየጊዜው የተመላለሰው እጦት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን የተነሣው ጦርነትና የትምህርት ቤቶች መዘጋት ይገፋዋል። በነፋስ መውጫ በኩል በሚያልፈው ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ሊስትሮ ነው፤ ሎተሪ አዟሪ ነው፤ ተሸካሚ ነው፤ ሌሊት በሱቅ በረንዳ ላይ ያድራል። ካቶሊካውያን በእነዚያ ወረዳዎች እጅግ ጥቂቶች ነን፤ ልጆቹ ግን በከተማ ደጃችን ላይ ናቸው።

እንዲህ ያለው ልጅ መንግሥትን በመጀመሪያ የሚያውቀው በምን መልክ ነው? በመምህር መልክ አይደለም፤ በሐኪምም መልክ አይደለም። ሌሊት ከእንቅልፉ በሚቀሰቅሰው ቆመጥ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ቴዘር ተብሎ የሚጠራው መሣሪያ ሽጉጥ ይመስላል። ሲተኮስ በቀጭን ሽቦ የተያያዙ ሁለት እሾሆች ይወረውራል፤ እሾሆቹ በልብስ ወይም በቆዳ ላይ ሲሰኩ ለአምስት ሰከንድ ያህል የኤሌክትሪክ ንዝረት ያስተላልፋሉ። የተመታው ሰው ጡንቻው ሁሉ ይጨመደዳል፤ እጁን ዘርግቶ ራሱን ማዳን ሳይችል እንደ ግንድ ይወድቃል። ሕፃን ልጅ ደረቱ ስስ ነው፤ ሰውነቱም ትንሽ ነው። መሣሪያውን የሚሠራው ኩባንያ ራሱ በማስጠንቀቂያው ውስጥ አደጋው ከሚከብድባቸው ሰዎች መካከል ትንንሽ ልጆችን ይቆጥራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ በማያሚ አካባቢ የሆነውን እንናገር። በአንድ ትምህርት ቤት የስድስት ዓመት ልጅ የተሰበረ መስተዋት ይዞ ራሱን እያቆሰለ ነበርና ፖሊሶች በዚህ መሣሪያ መቱት። ሕይወቱን ለማትረፍ ነው አሉ። አንድ ሰው ይህን ምክንያት ሰምቶ ሊያመነታ ይችላል፤ እኛም አመንትተናል። ነገር ግን ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በዚያው አካባቢ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ በመሣሪያው ተመታች። ጥፋቷ ከትምህርት ቤት ቀርታ ከፖሊስ መሸሿ ነበር። መስተዋት አልያዘችም። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ያለውን መንገድ ተመልከቱ፤ ሕይወት ለማዳን የገባው መሣሪያ ሩጫን ለማስቆም ዋለ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እንግሊዝ ይህን መሣሪያ በሕፃናት ላይ መጠቀም እንድታቆም እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. አሳሰበ፤ በ2016 ዓ.ም.ም ደግሞ ማሳሰብ ግድ ሆነበት።

በሌላው ወገን የሚነገረውን ክርክር ግን አቅልለን አናልፈውም። በሰኔ 1997 ዓ.ም.ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተሰየመው ኮሚሽን አስታውቆ ነበር። ከሟቾቹ መካከል ገና ደብተር የያዙ ታዳጊዎች ነበሩባቸው። አንዲት እናት መጥታ፣ በዚያን ቀን ለፖሊሶቹ ከጥይት ሌላ ነገር ተሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር ብትለን ምን እንመልስላታለን? ተሳስተሻል ልንላት አንችልም። በጥይት ፋንታ ማናቸውም ነገር ይሻላል።

ዳሩ ግን ነገሩ በእውነት በጥይት ፋንታ ይገባልን? ከማያሚ የምንማረው መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የሚገባው በትዕግሥት ፋንታ መሆኑን ነው። ልጁን ቁጭ ብሎ ማናገር ሰዓት ይፈጃል፤ እናቱን ማስጠራት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ንዝረቱ አምስት ሰከንድ ነው። ሌላም የሚያስፈራን ነገር አለ። ዱላ ሰንበር ይተዋል። ሰንበሩን እናት ታየዋለች፤ ዳኛም ሊያየው ይችላል። ኤሌክትሪክ ግን ሁለት ትንንሽ ነጥቦችን ትቶ ይሄዳል፤ በቀጥታ ገላ ላይ የሚደገፈው ዓይነት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ምልክት የማይተው ሕመም ምስክር የለውም። የልጅ ቃል በፖሊስ ቃል ላይ ሲቀርብ ማን እንደሚታመን ሁላችንም እናውቃለን።

ጌታችን ራሱ በቁጥጥር ሥር ሳለ ተመትቷል። በሊቀ ካህናቱ ፊት ሲጠየቅ በአጠገቡ ከቆሙት ሎሌዎች አንዱ ፊቱን በጥፊ መታው (ዮሐ. 18፣22-23)። ኢየሱስ አልተሳደበም፤ ዝም ብሎም አላለፈም። ክፉ ተናግሬ እንደ ሆነ አስረዳ፣ ካልሆነ ግን ስለ ምን መታኸኝ የሚል ትርጉም ያለው ጥያቄ አቀረበለት። ሎሌው መልስ መስጠቱ አልተጻፈም። በጣቢያ ውስጥ የሚመታ ልጅ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ በዐይኑ ይጠይቃል። መጥምቁ ዮሐንስም ጭፍሮች ወደ እርሱ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ (ሉቃ. 3፣14) ሥራችሁን ትታችሁ ወደ በረሓ ኑ አላላቸውም። በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ሐሰተኛ ክስ እንዳያቀርቡና በደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። ወታደርነት ይቻላል ማለት ነው፤ ግፍ ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም እውነቱን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2297 ሥቃይን ይኰንናል፤ በቁጥር 2298 ደግሞ በቀድሞ ዘመን ሕጋዊ መንግሥታት በዚህ ሲጠቀሙ የቤተ ክርስቲያን እረኞች ብዙ ጊዜ እንዳልተቃወሙ፣ እንዲያውም የሮማን ሕግ ተከትለው በራሳቸው ፍርድ ቤቶች እንደ ተቀበሉት ሳይሸሽግ ይናዘዛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ሥቃይን የሚከለክለው ሕግ በምንም ሁኔታ ሊጣስ እንደማይችል ያስተማሩት ከዚህ ኑዛዜ በኋላ ነው። በገዛ ተቋሞቻችን ውስጥ በሕፃናት ላይ ስለ ተፈጸመው በደልም ቤተ ክርስቲያን በብዙ አገሮች አንገቷን ደፍታለች። እንግዲህ ስለ ፖሊስ የምንናገረው ከንጹሕ ወንበር ላይ ሆነን አይደለም።

የሀገራችን ሕግም በዚሁ መንገድ ተጉዟል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣት ጥፋተኛ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲገረፍ ይፈቅድ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀረ። ይኸው ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ የታሰረን ሰው የሚያሠቃይ ባለሥልጣንንም በአንቀጽ 424 ይቀጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ እንዲጠበቁ፣ ጥፋት የሠሩትም ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዝዛል። ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም ለረጅም ዘመን በመላ ሀገሪቱ ለጥፋተኛ ልጆች የተዘጋጀው ማረሚያ በአዲስ አበባ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ የጋይንት ልጅ የት እንዲለይ ነበር የታሰበው? ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች መከፈታቸውና ፖሊሶችም ስለ ልጅ አያያዝ መሠልጠናቸው ግን ነገሩ ሊሻሻል እንደሚችል አሳይቷል።

ይህን ሁሉ ስንል ፖሊሱን ከሌላ ምድር እንደ መጣ ሰው አድርገን መሳላችን አይቅር የማይባል ስሕተት ይሆናል። እርሱም የእስቴ ወይም የስማዳ ልጅ ነው፤ በቤቱ በአለንጋ ተገርፎ፣ በርበሬ ታጥኖ፣ በጠጠር ላይ ተንበርክኮ ያደገ ነው። ልጅ በመመታት ይታረማል የሚለውን ትምህርት ከማሠልጠኛ ቀድሞ ከእኛ ተምሮታል። አንዳንድ ወላጆች መጽሐፈ ምሳሌ በትርን የሚነፍግ አባት ልጁን ይጠላል ይላል እያሉ ይከራከሩናል (ምሳ. 13፣24)። ይላል። ነገር ግን በትርን ከጉና ተራራ እረኛ በላይ የሚያውቀው የለም። እረኛው በግ ወደ ገደል ሲያዘነብል በትሩን በፊቱ ይዘረጋል፤ ይመልሰዋል፤ ጅብ ሲመጣም በዚያው በትር ይከላከልለታል። የበጉን እግር በበትር የሚሰብር እረኛ በማግሥቱ መንጋ አይሰጠውም። ዳዊትም ያጽናናኛል ያለው ይህንኑ በትር ነው።

ስለዚህ የቀረበልን ጥያቄ መልሱ አይገባም ነው። የሌላ ሰው ሕይወት በዚያች ቅጽበት ሊጠፋ ሲልና ከጥይት በቀር ሌላ ማዳኛ ሲታጣ የሚፈጠረውን ጭንቅ ለዚያ ሰዓት ኅሊናና ለዳኛ ምርመራ እንተወዋለን። ለሸሸ፣ ለሰረቀ፣ ለተሳደበ፣ በረንዳ ላይ ለተኛ ልጅ ግን ኤሌክትሪክም ቆመጥም አይገባም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ በመጪው ጥር 3 ቀን ከጸሎቱ በኋላ ልጆቹን ብቻ ሰብስባችሁ አትመለሱ። ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይዛችሁ፣ የኦርቶዶክስና የሙስሊም ጎረቤቶቻችሁንም ጠይቃችሁ፣ በአካባቢያችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ በሰላምና በአክብሮት ሂዱ። ዳቦና ሻይ ውሰዱ፤ ለተረኛው ፖሊስም ጭምር። በዚያ የታሰረ ልጅ ካለ ስሙንና የመጣበትን ቀበሌ ጠይቁ፤ ለወላጆቹ በማን በኩል መልእክት እንደሚደርስ ተነጋገሩ። ከመውጣታችሁ በፊትም አዛዡን ትናንት ሌሊት ልጁ የት፣ ከማንስ ጋር እንዳደረ ጠይቁት።