የእጅ ምልክትና የቆዳ ቀለም

የሰው ልጅ በአንደበቱ ብቻ ሳይሆን በእጁም ይናገራል። እጅ ይጠራል፣ ያሰናብታል፣ ይማልዳል፣ ያስጠነቅቃል። ይህ ጥንታዊ ልማድ ዛሬ ኢሞጂ በሚባሉት ጥቃቅን ሥዕሎች አማካይነት ወደ ስልክ ገብቷል። ከዚህም ጋር አባቶቻችን ያላሰቡት አንድ ጥያቄ መጥቶብናል፤ ይኸውም፣ የምንልከው እጅ ቀለሙ የማን ይሁን? የሚል ነው።

የእነዚህን ሥዕሎች ሥርዓት የሚደነግገው ዩኒኮድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ለሰውና ለእጅ ምልክቶች አምስት የቆዳ ቀለሞችን ደነገገ። ደረጃዎቹ የተወሰዱት ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባለው አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ካወጣው መለኪያ ነው። ሐኪሙ ግን መለኪያውን ያወጣው ቆዳ በፀሐይ ምን ያህል እንደሚቃጠልና እንደሚጠቁር ለመለየት እንጂ የሰውን ማንነት ለመመስከር አልነበረም። በአንድ እናት ልጆች መካከል እንኳ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን መልክ ለምንለይ ለእኛ፣ ከአምስቱ አንዱን መምረጥ ጣትን ቢያስመነታ አያስደንቅም።

አንዳንዶች፣ «ሰላምታ ሰላምታ ነው፤ ቀለም ምን ይጨምርለታል? ቢጫው እጅ ለሁሉ እኩል አይደለምን?» ይላሉ። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ምርጫው ከመፈቀዱ በፊት በአንዳንድ ስልኮች ላይ የነበረው እጅ የነጭ ሰው እጅ ይመስል እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ጥቁሩ ሰው የገዛ ወንድሙን ሲያመሰግን በሌላ ሰው እጅ ያመሰግን ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በራስ መልክ መታየት መብት ነው። መብት ግን ግዴታ አይደለምና፣ ቢጫውን የመረጠውን ሰው መልኩን እንደ ካደ አድርጎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በሌላው ቀለም ተሸፍኖ መሳለቅ፣ ወይም ያልደረሰበትን መከራ እንደ ደረሰበት ሆኖ መናገር ደግሞ የሐሰት ምስክርነት ነው።

ይህ የልጆች ጨዋታ ነው የሚል ቢኖር፣ በካናዳ አገር በሳስካችዋን የሆነውን ያስታውስ። አንድ ገበሬ በስልክ ለተላከለት የተልባ ሽያጭ ውል አውራ ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረ እጅ መለሰ፤ ተልባውን ግን አላስረከበም። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ያንን ምልክት እንደ ፊርማ ቆጥሮ ካሣ እንዲከፍል ፈረደበት።

እንግዲህ በስልክ የተላከች እጅም ቃል ታስራለች። ቀለሟ የማን እጅ እንደ ሆነች ሊነግረን ይችላል፤ የታመነች መሆኗን የሚመሰክርላት ግን የባለቤቷ ሥራ ብቻ ነው።